ፕሌቱ ላይ ደመና የሚጥል የእንጨት ካሜራ

በድሮ የእንጨት ካሜራ ፕሌት (ምስሉ የሚቀረጽበት መስታወት) ተነስቶ ነጌቲቩ ሲታጠብ ጥቁር ደመና ወይም ጭረት ይወጣል። ባለቤቱ ሌንሱን ይጠረጥራል፣ ኬሚካሉን ይወቅሳል። ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን የሚያስገባው ወናፉ፣ ማለትም በሌንሱና በፕሌቱ መካከል ያለው ተጣጣፊ ቆዳ ነው፤ ያውም ማዕዘኑ። ቆዳው በየጊዜው የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ደመናው ከአንድ ፕሌት መያዣ ብቻ ከመጣ ግን ወናፉን ተዉት፣ ችግሩ መያዣው ላይ ነው።

ማታ መብራት አጥፉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ትንሽ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡ አስገቡና ወናፉን ቀስ እያላችሁ ዘርጉት። ቀስ! መቶ ዓመት ያለፈው ቆዳ በጉልበት ከተጎተተ ቀዳዳ ልትፈልጉ ገብታችሁ ቅዳጅ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ብርሃን ብልጭ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

የመርፌ ጫፍ ለሚያህል ቀዳዳ ጥቁር የጨርቅ ቀለም ከነጭ ኮላ ጋር ቀላቅላችሁ በቀጭን ብሩሽ ከውስጥ ቀቡ። ወናፉ እንደተዘረጋ ይደር። ሳይደርቅ ከታጠፈ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ለተቀደደው ስስ ጥቁር ቆዳ ለጥፉ፤ ከወፈረ ካሜራው አይዘጋም። ቆዳው ሲነካ ቀይ ዱቄት የሚሆን ከሆነ አትድከሙ፣ አዲስ ወናፍ አሰሩ። አሮጌውን ግን አስቀምጡት፤ ገዢ ማየት ይፈልጋል።

ናስትሮ ግን በፍጹም! አንዱ ያመጣልኝ የእንግሊዝ ግማሽ ፕሌት (የፕሌት መጠን ነው) ካሜራ አራቱም ማዕዘኑ በጥቁር ናስትሮ ታሽጎ ነበር። ናስትሮውን ስልጠው የቆዳው ገጽ አብሮ ተነሳ። ሌላው ደግሞ የጫማ ቀለም ለቅልቆበት መጣ። ቀዳዳው እንዳለ፣ እጥፋቱ ግን እንደ ሙጫ ተያይዟል። ምን ይባላል?

ከመጠገናችሁ በፊት ሂሳብ ስሩ። የበርሚንግሃሙ ላንካስተር ኩባንያ ካሜራ ኢንስታንቶግራፍ በብዛት ስለተሰራ አዲስ ወናፍ ከካሜራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1895 ፓተንት የተሰጠው ሳንደርሰን ካሜራ ከሆነ ግን ወጪው ያዋጣል።

ፎከስ ተደርጎ ምስሉ ከደበዘዘ፣ የተተካው ሻካራ መስታወት (ፎከስ ሲደረግ ምስሉ የሚታይበት) ተገልብጦ ይሆናል፤ ሻካራው ጎን ወደ ሌንሱ ይዙር። የቶርንተን ፒካርድ ኩባንያ መጋረጃ መዝጊያ (ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋ ጥቅልል ጨርቅ) ከተንቀራፈፈ ጨርቁ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ናሱን በማጽጃ አታብለጭልጩ፤ የድሮው ላክ (መከላከያ ቅቡ) ከተነሳ ዋጋው ይወርዳል። የማሆጋኒ እንጨቱንም ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ጠርጉና ተዉት።