ለየት ያለ የልጅ ስም እንዴት ይወጣል? ከነፊደሉ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይሁን። ፊደሉን የሚመርጠው ግን ልደት መዝጋቢው ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ ካልመረጣችሁ።

የእህቴን ልጅ ማዕዶት አልናት። ከፋሲካ ማግስት የሚውለው ሰኞ ስም ነው፤ መሻገር ማለት ነው። ልጅቷም የተወለደችው በዚያው ሰሞን ነበር። የልደት ወረቀቷ ላይ «ማእዶት» ሆነች። የክትባት ካርዷ ላይ «ማህዶት»። የእንግሊዝኛውማ ሲነበብ «ማዶት» ነው የሚለው። አራት ወር ሳይሞላት ሦስት ሰው ሆና ቁጭ! ጥፋቱ የኛው ነው። አጻጻፉን ቤት ሳንጨርስ ነው የሄድነው። እናንተ እንዲህ አድርጉ።

1. አትቸኩሉ

አገር ቤት ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ዐቂቃ በሰባተኛው ቀን፣ የወንድ ክርስትና በ40፣ የሴት በ80 ቀን ነው። ሁሉም ከ90 በፊት ያልቃል፤ አያትም ቄስም ሼኽም ለማማከር ይበቃል። አሜሪካ ያላችሁ ግን ብዙውን ጊዜ ፎርሙ ገና ሆስፒታል እያላችሁ ስለሚመጣ፣ ስሙን ከምጥ በፊት ጨርሱት።

2. ትርጉሙን አጣሩ

ኢንተርኔት ላይ አዲስ ስም ሁሉ «ግዕዝ ነው»፤ ትርጉሙም ሁሌ «የእግዚአብሔር ስጦታ» ነው። አትመኑ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ግለጡ፤ ካልሆነም የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ጠይቁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለየት ያለ ስም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ምንተስኖት፣ ስለናት፣ አትጠገብ፣ ወርቅያንጥፉ። የድሮ ሰው ለልጁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያወጣው። ክፍል ውስጥ ሦስት ሶሊያና ባለበት ዘመን አንዲት አትጠገብ ብትገባ ማን ይረሳታል?

3. ከአባት ስም ጋር አንብቡት

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የኛ አባት ስም ዝም ብሎ አይከተልም፤ ብዙ ጊዜ ግስ ነው። የልጁ ስም ባለቤት ይሆንና ዓረፍተ ነገሩ ይሞላል። አባት በቀለ ከሆነ ፍቅር በቀለ ያምራል። ተስፋ አበበም እንደዚያው። አባትየው ተፈራ ከሆነስ? ሰላም ተፈራ። ዘገየ ከሆነ ደግሞ ደስታ ዘገየ። ልጁ ዕድሜ ልኩን ሲቀለድበት ይኖራል። እስከ አያት ስም ድረስ ወረቀት ላይ ጻፉና ስሙን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። ከሳቀ፣ ለምን እንደሳቀ ጠይቁት።

4. ጥሩት

በር ላይ ቆማችሁ «ና፣ እራት ቀርቧል!» እያላችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። አፍ ላይ ካልመጣ አይሆንም። ሰፈሩ እንዴት እንደሚያሳጥረውም አስቡ፤ ማሳጠሩ አይቀርማ።

5. የአማርኛውን ፊደል ቁረጡ

በዓይኑ «ዐ» ነው በአልፋው «አ»? በሐመሩ «ሐ» ወይስ በሃሌታው «ሀ»? በጸሎቱ «ጸ» ወይስ በፀሐዩ «ፀ»? ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በአንዱ የተመዘገበች ልጅ በሌላው ብትፈለግ አትገኝ ይሆናል። ቃሉ ከግዕዝ ከሆነ የግዕዙን አጻጻፍ ያዙ፤ በኋላ ለመከራከርም ይመቻል።

6. የእንግሊዝኛውንም እንዲሁ

ራስ ምታቱ እዚህ ነው። ቅድስት በ«ኬ» ትጻፍ በ«ኪው»? ከዚያ ቀጥሎ «አይ» ይግባ ወይስ «ኢ»? ፀሐይ በ«ቲ» እና «ኤስ» ትጀምር ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? ትክክለኛው አንድ ብቻ ነው የሚል ካለ አትስሙት። የኃይሌ ገብረሥላሴን የአባት ስም ዓለም የሚያውቀው ከ«አር» በኋላ «ኢ» ሳይገባበት ነው። ያው የአባት ስም ያላቸው ሌሎች ደግሞ ያስገባሉ። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ መጻፍ ነው።

የአባትን ስም ግን እንደ አዲስ አትጻፉ። አባትየው ፓስፖርት ላይ እንዳለው ገልብጡት፤ አጻጻፉ ባይጥማችሁም። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለም በዚያው ቀጥሉ።

«ጠ» እና «ጨ»ን ከ«ተ» እና «ቸ» ለመለየት ከእንግሊዝኛው ፊደል ጎን፣ ከፍ ብሎ፣ ጭረት (አፖስትሮፍ) ማድረግ ለምሁራን ጽሑፍ ጥሩ ነው። ፓስፖርት ግርጌ ያሉት ማሽን የሚያነባቸው መስመሮች ግን ለስም የሚቀበሉት 26ቱን ፊደላት ብቻ ነው፤ ጭረቷ ትጣላለች። ለሙሉ ስም ያለው ቦታም 39 ነው። ወርቅያንጥፉ ገብረመድኅን ወልደሚካኤልን በእንግሊዝኛ ቁጠሩት፤ የሚገባው ለጥቂት ነው።

እንደ ገብረ ሥላሴ ያለ ሁለት ቃል ስም ከሆነ አጣብቃችሁ ጻፉት። ከተለያየ ውጭ አገር «ገብረ» መጠሪያ፣ «ሥላሴ» የመሃል ስም ሆኖ ያርፈዋል። ዓረብ አገር ያላችሁ ደግሞ «ፐ» ያለበትን ስም ሁለቴ አስቡበት። ዓረብኛ «ፐ» ስለሌለው ጳውሎስ ቡሎስ ነው የሚባለው።

ቁጥርና ምልክት ልጨምር ካላችሁ፣ ኢሎን መስክን አስታውሱ። በ2020 ለተወለደ ልጁ ያወጣው ስም ውስጥ 12 ቁጥር ነበረበት። ካሊፎርኒያ በስም ውስጥ ቁጥር ስለማትቀበል 12 በሮማውያን ቁጥር ተተካች። ሀብታምም አልተረፈ።

7. ጽፋችሁ ሂዱ

ሦስቱን ስም በሁለቱም ቋንቋ፣ በትልልቁ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። መስኮቱ ላይ በቃል አትናገሩ፤ ወረቀቱን ስጡ። ሳትፈርሙ ደግሞ ስክሪኑን እዩ። ከኋላ ሰልፈኛው ቢያጉረመርምም ፊደል በፊደል አንብቡ።

እህቴ አሁን ሁለተኛ ልጇን እርጉዝ ናት። «ዐ፣ ሐ፣ ፀ የሌለበት፣ ለየት ያለ የወንድ ስም ፈልግልኝ» ብላኛለች። እስካሁን ያገኘሁት «ለማ»ን ነው።