የአዲስ አበባን ብናኝ ከየት እንደመጣ በማጣሪያ መለየት

መንገድ ዳር የተሰቀለ ሴንሰር አየሩ ምን ያህል እንደከፋ ይናገራል እንጂ ማን እንዳከፋው አይናገርም። ጥፋቱ የናፍጣ ሚኒባስ፣ የምጣድ ሥር ቅጠል ወይስ የቆሻሻ ቃጠሎ መሆኑን ለማወቅ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነውን ብናኝ ይዞ መመርመር ግድ ነው።

ባለ 47 ሚሊሜትር ማጣሪያዎችን ጎን ለጎን ስቀሉ፦ ቴፍሎን ለክብደትና ለብረታ ብረት፣ ኳርትዝ ለካርቦን። ኳርትዙን አስቀድማችሁ በ550 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ካላቃጠላችሁት ቀድሞ የያዘው ካርቦን ከከተማው ጭስ ጋር ይቆጠራል። ቴፍሎኑን ከናሙናው በፊትም በኋላም ከ30 እስከ 40 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል 24 ሰዓት አሳድራችሁ እስከ 1 ማይክሮግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑ። በወረንጦ እንጂ በጣት አትንኩት። ከ10 ማጣሪያ አንዱን አየር ሳታስገቡበት ወደ ቦታው ወስዳችሁ መልሱ፤ በመንገድ የተጨመረውን ቆሻሻ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው አየሩን በማጣሪያው በኩል በሚስበው ፓምፕ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር እንዲስቡ ተሠርተዋል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ግን የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ጠለል ግፊት የተስተካከለ፣ የአየሩን ክብደት የሚቆጥር የፍሰት መለኪያ 16.7 ሲያሳይ በእውነት የሚገባው አየር ከ21 ሊትር ያልፋል። አየሩ ሲፈጥን ብናኙን በመጠን የሚለየው መለያ ለ2.5 የቀረበውን ብናኝ ይጥለዋል፣ ውጤቱም ይዛባል። ስለዚህ ፍሰቱን መሣሪያው በተሰቀለበት ሥፍራ፣ በቦታው ግፊት፣ ከእያንዳንዱ ናሙና በፊትና በኋላ ለኩ።

በየ7 ቀኑ ናሙና አታንሡ፤ ሰኞ ከጀመራችሁ ዓመቱን ሙሉ ሰኞን ብቻ ትለካላችሁ። በየ3 ቀኑ ከሆነ ሁሉም ቀን ይዳረሳል፣ በዓመት ወደ 120 ናሙናም ይገኛል።

ከዚያ አሻራ ፍለጋ ነው። ሌቮግሉኮሳን የተባለው ውህድ የሚወጣው እንጨት፣ ቅጠል ወይም ኩበት ሲነድ ነው። ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ካልሲየም የአፈርና የግንባታ አቧራ ናቸው። ጥቁር ካርቦን ከፍ ብሎ ሌቮግሉኮሳን ካነሰ ናፍጣን ጠርጥሩ። አንቲሞኒ ግን ያሳስታል፦ ከመዳብና ከባሪየም ጋር ከመጣ የመኪና ፍሬን ነው፣ ከክሎሪን ጋር ከመጣ የፕላስቲክ ቃጠሎ ሳይሆን አይቀርም።

ፒኤምኤፍ የተባለው ስሌት ናሙናዎቹን በምንጭ ይከፋፍላቸዋል፤ ለምንጮቹ ስም የምታወጡት ግን እናንተ ናችሁ። ስሙን የምትፈትኑበት ቀን ከተማው ራሱ ሰጥቷችኋል፦ ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን። ያን ቀን ከመርሐ ግብሩ ውጭ ናሙና ውሰዱ፣ በዓመቱ አማካይ ውስጥ ግን አትደምሩት። «ቆሻሻ ቃጠሎ» ያላችሁት ምንጭ ያን ዕለት ካልዘለለ ስሙን ሰርዙና ወደ ክሎሪኑ ተመለሱ።