እሁድ ማለዳ አንኮበር አፋፍ ላይ፦ በባቡር ተጀምሮ በእግር የሚያልቅ የሁለት ቀን ጉዞ

ከአንኮበር ኮረብታ ቁልቁል የሚታየው ቆላ ቀኑን ሙሉ አይታይም። ፀሐይ የአዋሽን ሜዳ ካሞቀች በኋላ ሞቃቱ አየር ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ከፍ ባለ መጠንም እየቀዘቀዘ ውስጡ የያዘው እርጥበት ወደ ጉም ይለወጣል፤ ከቀትር በኋላ የደረሰ መንገደኛም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደርሼ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ከጉሙ ውስጥ የሚሰማ የእረኛ ፉጨት ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚነሳውን የቅዳሜና እሁድ ጉዞ ሲያቅዱ ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው ይጀምሩ፤ እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ አስልተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ወቅቱን መምረጥ ይቀድማል። ክረምት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ መንገዱ ጭቃ ሰማዩም ዝግ ነው። በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የሚጥለው የበልግ ዝናብም በሰሜን ሸዋ ደጋ ቀላል አይደለም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሰማዩ የጠራ ነው፤ ዋጋው ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ነው፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። ከወቅቱም በላይ የመንገዱ ሰላም ይቀድማል። ከመነሳትዎ በፊት ባለው ቀን በዚያው መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን፣ የሚያርፉበትን ቤት ባለቤትና የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ሦስቱ የሚሉት ካልተስማማ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ያስተላልፉ። ተራራው የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ባቡሩ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የሚወጣ ባቡር የለም። ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሃራ ገበያ እንዲያልፍ የተሠራው የሐዲድ መስመርም የሚሄደው በቆላው ስለሆነ ለዚህ ጉዞ አያገለግልም። የሚያገለግለው በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው፤ ከጦር ኃይሎች ወደ አያት የሚሄደው መስመር በልደታ፣ በሜክሲኮ፣ በለገሃርና በመስቀል አደባባይ አልፎ መገናኛ ያደርሳል። ከቃሊቲ ወይም ከምኒልክ አደባባይ በኩል የሚመጣ ሰው ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ በሚጋሩበት በልደታና በመስቀል አደባባይ መካከል ባለ ጣቢያ ወርዶ ወደ አያት የሚሄደውን ይሳፈራል። ይህ የከተማ ባቡር ለተራራ ጉዞ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ ቅዳሜ ጠዋት ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ይዞ ታክሲ ሰልፍ ላይ መገፋፋትን ያስቀራል። ነገር ግን ባቡሩ በየደቂቃው ስለማይመጣ ጣቢያው ላይ የሚጠብቁበትን ጊዜ በዕቅድዎ ውስጥ ይጨምሩ፤ ቲኬቱንም ከመሳፈርዎ በፊት ቆርጠው በእጅዎ ይያዙ።

መገናኛ ሲወርዱ ወደ ላምበረት የሚጮኸውን ሚኒባስ ይሳፈሩ፤ የደብረ ብርሃን መኪኖች የሚነሱት ከላምበረት መናኸሪያ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መናኸሪያ ውስጥ መገኘት ብልህነት ነው፤ መኪናው የሚንቀሳቀሰው ሲሞላ ስለሆነ የሚያረፍደው መንገዱ ሳይሆን ጥበቃው ነው። ለፎቶግራፍ ብለው የፊት ወንበር ቢመኙ አይፈረድብዎትም፤ እኔ ግን በቀኝ በኩል ያለውን መስኮት እመርጣለሁ። ደብረ ብርሃን ድረስ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የአስፋልት መንገድ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ ያልፋል። ሸኖ በቅቤዋ የታወቀች ናት። ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተሸነፉበት የሰገሌ ሜዳም በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ያን ያህል ሠራዊት የተላለቀበት መስክ ዛሬ ጤፍና ገብስ የሚታጨድበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ የተነሳ ሰው እምብዛም አይከብደውም። ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ጓደኛ ካለዎት ግን ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊሰማው ስለሚችል በዚያ ቀን አቀበት አያስወጡት፤ ውኃ አብዝቶ እንዲጠጣ፣ የከተማዋን ስመ ጥር አረቄም ለመመለሻው እንዲያቆየው ይንገሩት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ከተማዋን ቆርቁረው የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል። ለእኛ ጉዞ ግን ደብረ ብርሃን በዋናነት የስንቅ ከተማ ናት። ምሳዎን እዚህ ይብሉ፣ የገብስ ቆሎ ይግዙ፣ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ ከዚህ በኋላ የባንክ ማሽን እየፈለጉ መንከራተት አያስፈልግም።

ስለ ልብስና ስንቅ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በዚያ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት፣ ለአዲስ አበባ ምሽት የበቃ ጃኬት ለአንኮበር ንጋት አይበቃም። አንድ ወፍራም ልብስ ከሚይዙ ሦስት ስስ ልብሶች ደራርበው ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ቢያደርጉ ይሻላል፤ ሲሞቅዎት አንድ በአንድ ማውለቅ ይቻላልና። ጋቢ ይያዙ። ጋቢ ለመኝታ ብርድ ልብስ፣ ለአፋፉ መቀመጫ፣ ለቤተ ክርስቲያን መግቢያ ክብር ይሆናል፤ በመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራውን ባና ገበያ ላይ ካገኙ ደግሞ ብርዱን የሚያውቁ ሰዎች የሠሩት ነውና ዋጋውን አይጥሉበት። ጫማው አዲስ አይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተረገጠ፣ ሶሉ የሚነክስ፣ ቁልቁለት ላይ አውራ ጣትን የማይጨቁን መሆን አለበት። የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ሊትር ውኃ የሚይዝ ዕቃ፣ ባርኔጣና ለከንፈር የሚሆን ቫዝሊን ይጨምሩ፤ የደጋ ፀሐይ ሳታሞቅ ታቃጥላለች። ለምግብ ከበሶ የሚስተካከል የለም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም። ምድጃ ይዘው ምስር ሊቀቅሉ ያሰቡ ካሉ ግን 3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬው ቶሎ እንደማይበስል ይወቁ።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መኪናዎቹ የሚደርሱት የወረዳው ከተማ ወደሆነችው ጎረቤላ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ከደብረ ብርሃን ቢነሱ በብርሃን ገብተው ማረፊያ ለመያዝ ይበቃል። በጥንቱ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ፤ ጎረቤላ ውስጥ ደግሞ ቀላል መኝታ ቤቶች ይገኛሉ። የትኛውንም ቢመርጡ ቀድመው በስልክ ያስይዙ፤ እንዲሁም የአካባቢውን አስጎብኚ በዚያው ቅዳሜ ማታ አግኝተው የእሁዱን መንገድ፣ የሚነሱበትን ሰዓትና ክፍያውን ይስማሙ። ዋጋ ሳይቆረጥ የተጀመረ መንገድ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

ቅዳሜ ማምሻውን ጉሙ ቢሸፍነውም ወደ ኮረብታው በዝግታ ወጣ ብለው ይመለሱ፤ ይህ ሳንባን ያለማምዳል፣ ለነገ ጨለማም መንገዱን ያሳያል። በዚህ ኮረብታ ላይ የሸዋ ነገሥታት ተቀምጠዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነበሩበት ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ተነስተው በረሃውን አቋርጠው በዓልዩ አምባ በኩል ወደዚህ ወጥተዋል፤ ዓልዩ አምባ ከገደሉ ሥር ያለች የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። በባቡር ለሚጀምረው ጉዟችን እንግዳ የማይሆነው ደግሞ ይህ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ የመጣው ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ሲሆን፣ በ1886 ዓ.ም. የጅቡቲውን ባቡር የመሥራት ፈቃድ የተቀበለውም እርሱ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ንግዱ ከአንኮበር አቀበት ጨርሶ ራቀ። ባቡሩ ለለገሃር የሰጠው ንግድ ከዚህ ተራራ የወሰደውን ነው ማለት ይቻላል።

እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሱ። ቁርስ አያስፈልግም፤ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ከያዙ ይበቃል። ባትሪውን ወደ እግርዎ እንጂ ወደ ፊት ባልደረባዎ ዐይን አያብሩ፤ አስጎብኚው ከፊት፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ሁለተኛ፣ ፈጣኑ መጨረሻ ይሁን። ብርሃኑ የሚመጣው ከፊት ለፊት ነው፤ መጀመሪያ የሩቁ ሜዳ ጠርዝ ይቀላል፣ ቀጥሎ ከሥርዎ ያሉት ሸንተረሮች አንድ በአንድ ከጨለማው ይለያሉ፣ በመጨረሻ ጭስ የሚወጣባቸው ጎጆዎች ይታያሉ። ከደብረ ብርሃን ሲመጡ መኪናው የተሻገረው አፋፍም በስተጀርባዎ ይታያል፤ ከዚያ አፋፍ ወደ ምዕራብ የወረደ ዝናብ በጀማ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ወደ ምሥራቅ የወረደው ግን አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ሁለት እርምጃ ልዩነት ያለው ጠብታ እንዲህ ይለያያል።

ፀሐይ ገደሉን ማሞቅ ስትጀምር ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከአደሩበት የገደል እርከን ወደ ሣሩ ይወጣሉ። ነብር በማይደርስበት ቋጥኝ ላይ ማደር ልማዳቸው ነው፤ ከወጡም በኋላ ፀሐይ እየሞቁ ሣር ሲነጩ ይቆያሉ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም። ቁጭ ብለው ከጠበቁ ይቀርባሉ፤ ከተከተሏቸው ይሸሻሉ። ዳቦ አይወርውሩላቸው፤ የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ነገ የገበሬውን ማሳ ይጎበኛል፣ ጠቡም የሚቀረው ከገበሬው ጋር ነው። ወፍ የሚወድ ሰው ካለ በቋጥኞቹ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተዋወቀችውንና ስሟን ከአንኮበር ያገኘችውን ትንሽ ቡናማ ወፍ ይፈልግ፤ ከላይ ደግሞ አጥንት ወደ ቋጥኝ ጥሎ የሚሰብረው ጥንብ አንሳ ሲያንዣብብ ሊያይ ይችላል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ቁርስ በልተው የእግር ጉዞውን ይጀምሩ። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ያሉበትን የወፍ ዋሻ ደን አቅጣጫ ወይም ወደ ዓልዩ አምባ የሚወርደውን የጥንት መንገድ ከአስጎብኚው ጋር መርጠው መጓዝ ይቻላል። በሁለቱም ላይ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው፤ ቁልቁለት ያታልላል። አንድ ሰዓት የወረዱት ሲመለሱ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ ለእግር ጉዞው የመደቡትን ጊዜ ለሦስት ከፍለው አንድ ሦስተኛው እንዳለቀ ፊትዎን ያዙሩ፤ የሚያዩት ነገር ምንም ያህል ቢያጓጓም። ሲወርዱ ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው አጭር እርምጃ ይራመዱ፤ ዱላ ይያዙ። ዱላው ለውሻም ይጠቅማል። የእረኛ ውሻ ሲመጣ መሮጥ አይገባም፤ ቆመው «ውሻ ያዙልኝ!» ብለው ይጣሩ፣ ባለቤቱ ብቅ ይላል። በግቢ አጠገብ ሲያልፉ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ በዚህ አገር ነውር ነው፤ የሰውንም ሆነ የቤቱን ፎቶግራፍ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

መንዝ ጓሳን ለምን አላካተትክም የሚሉ ይኖራሉ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት የጠበቀው፣ ቀይ ቀበሮና ጅባራ የሚታይበት ሰፊ መስክ ነው፤ ሦስተኛ ቀን ካልጨመሩ ግን መንገዱ ብቻ ይበላዎታል። ጊዜ ያጠረው ሰው ይልቅ በዋናው አስፋልት ላይ ባለው ጣርማ በር ወርዶ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል፤ እዚያም ጉሙ ተመሳሳይ ነውና በጠዋት ይሁን።

ከአንኮበር የሚወጡት እሁድ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄዱ መኪኖች እየጠፉ ይሄዳሉ፣ ጉሙም በዚያው ሰዓት መንገዱን ይይዛል፤ በመሸ ጊዜ ከሚገኝ ማንኛውም መኪና ላይ ከመንጠልጠል አንድ ሌሊት ተጨማሪ ማደር ይመረጣል። ደብረ ብርሃን ከ9 ሰዓት በፊት ከደረሱ ላምበረት ወደ 12 ሰዓት ገደማ ይገባሉ። መገናኛ ባቡር ጣቢያ ላይ ጭቃ ከነካው ጫማዎ የቀረውን አራግፈው ይሳፈሩ፤ ቦርሳዎን ከጀርባዎ አውርደው በሁለት እግርዎ መካከል ያድርጉት፣ ሰው ሊገባ ነው።