ሰዓታችን የገጠመበት ከተማ፦ አቢኮ ለአዲስ ገቢዎች

ጃፓን፣ አቢኮ ከተማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ገዝቼ ኩሽናው ውስጥ ሰቀልኩ። ከቀትር በኋላ ነበር። አጭሩ ዘንግ 3 ላይ ቆሟል። ስልኬ ጮኸ፣ እናቴ ናት። «እንዴት አደርክ ልበልህ እንዴት ዋልክ? እዚህ ገና ሦስት ሰዓት ነው፣ ቁርስ እያቀራረብኩ ነው» አለችኝ። ግድግዳውን አየሁት። እኔም ጋ ሦስት ሰዓት ነው።

ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። ጃፓን ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ስድስቶች ይጣፉና ቁጥሩ አንድ ይሆናል። ሁለቱም አገሮች ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ ስለማይገፉ ዓመቱን ሙሉ አይዛነፍም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ቀንና ሌሊቱን ብቻ ነው። እዚህ ጠዋት 8 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ነው። አንዴ ቁጥሩን ብቻ አይቼ ደውዬ ቤተሰቡን በሙሉ ከአልጋ አስነስቻለሁ። በሌሊት የሚደወል ስልክ ለእኛ ሰው መርዶ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራው ሰዓት ሁሉ የጃፓኑ ነው።

አቢኮ ቺባ ክፍለ ሀገር ውስጥ ናት። ሕዝቧ 130 ሺህ ገደማ ነው። በጆባን መስመር ፈጣን ባቡር ቶኪዮ ውስጥ ያለው ኡዬኖ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ባቡሩ ይጎርፋል፣ ማታ ይመለሳል። ቀን ቀን ከተማዋ የሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና የወፎች ናት። ወፍ ስል ቀልዴን አይደለም፤ የወፍ ሙዚየምና የወፍ ምርምር ተቋም ያላት ከተማ ናት። በስተደቡብ ቴጋኑማ የሚባል ሐይቅ አለ። ለ27 ዓመት በተከታታይ ከጃፓን ሐይቆች ሁሉ ቆሻሻው ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ከቶኔ ወንዝ ንጹሕ ውኃ በቦይ ሲገባበት ስሙን ከመጨረሻው ረድፍ አወጣ። ዛሬ ዳሩ ላይ ነጫጭ ስዋኖች ይዋኛሉ፤ እኔም ምሳዬን እዚያ እበላለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ውጭ አገር ላለ አሠሪ ለሚሠራ አበሻ ነው። ከሁሉ በፊት ቪዛችሁ ምን እንደሚፈቅድ እወቁ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 የዲጂታል ኖማድ ቪዛ ጀምራለች፣ ወሬውም ብዙ ነው። ለ6 ወር ብቻ ነው፣ አይራዘምም፣ በዓመት 10 ሚሊዮን የን ገቢ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሌላ ፓስፖርት ከሌላችሁ እርሱት። በተማሪ ወይም በቤተሰብ ጥገኝነት ቪዛ ያለ ሰው ተጨማሪ ፈቃድ አውጥቶ በሳምንት 28 ሰዓት ነው የሚፈቀድለት። «አሠሪዬ ዱባይ ነው፣ ማን ያውቃል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አትስሙት። አሠሪው የትም ይሁን የት ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩት ጃፓን ነው። በግል ኮንትራት የምትሠሩ ከሆነ ኢሚግሬሽን ሄዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቤት በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አድራሻችሁን አስመዝግቡ። የመኖሪያ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ይጽፉላችኋል። ቀጣሪያችሁ ጃፓን ውስጥ ካልሆነ የጤና መድኑንም ጡረታውንም በራሳችሁ ነው የምትገቡት። እዚያው በዚያው ቀን ጨርሱት። መድኑ ካላችሁ የሕክምናውን 30 በመቶ ብቻ ትከፍላላችሁ። የጡረታው መዋጮ እ.ኤ.አ. በ2025 የበጀት ዓመት በወር 17,510 የን ነበር። አቅም ከሌላችሁ ዝም አትበሉ፣ «ሜንጆ» ብላችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ፎርሙ አለ። የመዋጮውን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው ለቋሚ መኖሪያ ሲያመለክት ያገኘዋል።

ግብር ላይ እኔ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዓመት የነዋሪነት ግብር የሚባል ነገር አልመጣብኝም። አገሩ ርካሽ ነው ብዬ ደመደምኩ። በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ለካ ግብሩ የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ ነው፤ ወደ 10 በመቶ ይደርሳል። ጃንዋሪ 1 ቀን የትም ከተማ ብትኖሩ ሂሳቡን የምትልክላችሁ ያቺ ከተማ ናት። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ቀንሳችሁ ለብቻ አስቀምጡ። የገቢ ግብሩን ደግሞ ራሳችሁ ታሳውቃላችሁ፤ ጊዜው ከፌብሩዋሪ 16 እስከ ማርች 15 ነው። ገንዘቡ ከውጭ ስለመጣ ከግብር ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ሌላው የስማችን ጉዳይ ነው። ፓስፖርታችን ላይ መጨረሻ የተጻፈው የአያት ስም ነው። እነሱ ደግሞ መጨረሻ ያለውን የቤተሰብ ስም ያደርጉታል። ክሊኒክ ቁጭ ብዬ ነርሷ አያቴን እየደጋገመች ስትጠራ እኔ ስልኬን እነካካ ነበር። ሦስተኛው ላይ ነው የባነንኩት። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ጃፓን አገር ወረፋ ደርሷቸዋል ብዬ እነግራቸው ነበር። ስማችሁን በካታካና፣ ማለትም የውጭ ቃል በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል፣ እንዴት እንደምትጽፉት አንዴ ወስኑና ባንክም፣ ስልክም፣ መድንም ላይ ያንኑ ብቻ ጻፉ። አንዷ ፊደል ብትለያይ ባንኩ ይመልሳችኋል። ባንክ ካልን፣ ጃፓን ውስጥ ቀጣሪ የሌለው ሰው የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት እንደ ነዋሪ አይቆጠርም፤ ሒሳብ ቢከፈትለትም ገንዘብ መላክና መቀበል ላይ ገደብ አለበት። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ገንዘብ ይዛችሁ ኑ።

ቤት። ደላላ ጋ ከሄዳችሁ ማስያዣ አለ፣ «ሬይኪን» የሚባል የማይመለስ የምስጋና ገንዘብ አለ፣ ለዋስ ድርጅት ክፍያ አለ፣ የእሳት መድን አለ፣ የደላላው አለ። ሲደመር የአራት አምስት ወር ኪራይ በአንዴ ይወጣል። «የውጭ ዜጋ አይሆንም» የሚል አከራይም አይጠፋም። ለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ዩአር የሚባለውን የመንግሥት ተቋም ቤት ሞክሩ። የምስጋና ገንዘብ የለም፣ ዋስ የለም፣ የደላላ የለም። በገቢ ወይም በቁጠባ መስፈርቱን ካሟላችሁ ይሰጣችኋል። አቢኮ ውስጥ ኮሆኩዳይ ላይ የድሮ ኮንዶሚኒየም የሚመስሉ ሕንፃዎች አሉት። ከአቢኮ ወደ ናሪታ ከተማ በሚሄደው ቅርንጫፍ መስመር ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል የሚያርፈውም ናሪታ ስለሆነ ዘመድ ለመቀበል ይመቻል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን የማዘጋጃ ቤቱን የአደጋ ካርታ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ፉሳ በሚባለው ሰፈር መሬቱ እንደ ሊጥ ላልቶ ቤቶች ዘምመዋል።

ኢንተርኔቱ አንዴ ከገባ የሚያማርር አይደለም። እስኪገባ ግን ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ በኪስ ዋይፋይ ትሠራላችሁ ወይም ቴጋኑማ መናፈሻ አጠገብ አቢስታ የሚባለው የከተማው ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ስብሰባ ግን እዚያ አይሆንም፤ እስክሪብቶ ቢወድቅ እንኳ ሰው ቀና ይላል። አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ጋር ለሚሠራ ሰው ጠዋቱ የራሱ ነው፤ የእነሱ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዋሽንግተን ከሆነ ግን እንቅልፍን ተሰናበቱት። በበጋቸው የእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት እዚህ ማታ 10 ነው፣ በክረምታቸው 11። ግድግዳው ስስ ነው፣ ድምፃችሁን ቀንሱ። አመሻሽ ላይ የከተማው ድምፅ ማጉያ ልጆችን ወደ ቤት ለመመለስ ዜማ ያሰማል። ስብሰባ ላይ ከሆናችሁ ማይኩን ዝጉት።

ቆሻሻ እንደ ሃይማኖት ነው። የሚቃጠለው፣ ፕላስቲኩ፣ ጠርሙሱ፣ ወረቀቱ እያንዳንዱ ቀን አለው፤ ጠዋት በተባለው ሰዓት ቦታው ላይ መገኘት አለበት። ማታውኑ አታውጡ፣ ቁራ ይበታትነዋል። የተሳሳተ ከረጢት ላይ ወረቀት ለጥፈው እዚያው ይተዉታል። እኔ በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ የገዛ ከረጢቴን ይዤ አንገቴን ደፍቼ ተመልሻለሁ። ጎረቤቶች አይናገሩም፤ ያ ነው የሚያሳፍረው።

አሁን ዋናው ነገር። ወረቀቱ ያልቃል፣ ቤቱም ይገኛል። ሰውን የሚጥለው ጸጥታው ነው። እኔ በሁለተኛው ወር ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ጋር ካልሆነ በቀር በአፌ ቃል ሳልናገር ከርሜያለሁ። ቢሮ የሚሄድ ሰው ባልደረባ አለው፤ እኛ ያለን ስክሪን ነው። ስለዚህ «ጂቺካይ» ግቡ። የሰፈር ማኅበር ነው፤ በእኛ እድር በሉት። ትንሽ መዋጮ አለው፣ የጽዳት ቀን አለው፣ ከቤት ቤት የሚዞር ማስታወቂያ አለው። ማስታወቂያውን አይታችሁ ፈርማችሁ ለቀጣዩ ጎረቤት ስታደርሱ በር ታንኳኳላችሁ። አንድ በር ይበቃል።

የእኔን በር ያስከፈተው ግን ቡና ነው። ጥሬ ቡና ማግኘት አይቸግርም፤ ጃፓኖች የእኛን ቡና «ሞካ» እያሉ ይርጋጨፌንም ሲዳማንም ያውቃሉ። አንድ እሁድ መስኮቱን ዘግቼ ስቆላ ጣሪያው ላይ ያለው መሣሪያ በሴት ድምፅ «ካጂ ዴስ! ካጂ ዴስ!» ብሎ ጮኸ። እሳት ነው፣ እሳት ነው ማለት ነው። ከታች የሚኖሩት ሰማንያ ያለፋቸው እናት በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡ። እጄ ላይ ያለውን ምጣድ አዩ፣ አሸተቱ፣ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁ። ስነግራቸው «አቤቤ!» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ወጣት ነበሩ። በዚያ ትውልድ ሰው ፊት ይህ ስም ከማንኛውም መታወቂያ ይበልጣል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአገር ተሸክማችሁ አትምጡ። እዚህ ያለው 100 ቮልት ነው፣ አይግልም። እኔ እንጀራዬን የምጋግረው እነሱ ጠረጴዛ ላይ በሚጠብሱበት ሰፊ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ነው። ዓይኑ መጀመሪያ አይወጣም፣ ትዕግሥት ነው። ማሞቂያና ማይክሮዌቭ አብራችሁ ከጋገራችሁ ብሬከሩ ይወርዳል፤ እኔ ስብሰባ መሃል ወርዶብኝ ያውቃል። ለጿሚ ደግሞ ቶፉ አለለት፣ ሾርባውን ግን ይጠርጥር፤ ከደረቀ ዓሣ ያልተሠራ ሾርባ ማግኘት ከባድ ነው።

በርበሬና ጨዋታ ሲያምራችሁ ካትሱሺካ የሚባለው የቶኪዮ ወረዳ ሂዱ። ቶኪዮ ውስጥ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው ዮትሱጊ አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለ፣ አደይ አበባ የሚባለው ማኅበርም እዚያው ነው። ሲሄዱ ፈጣኑን ባቡር እንዳትይዙ። እኔ ይዤው ካናማቺን በመስኮት እያየሁ አልፌ ኪታ ሰንጁ ላይ ነው የወረድኩት። በየጣቢያው የሚቆመውን ያዙና ካናማቺ ውረዱ። መንገዱን ተሻግራችሁ የኬይሴን ትንሽ ባቡር እስከ ታካሳጎ፣ ከዚያ ወደ ኦሺያጌ የሚሄደውን ይዛችሁ ዮትሱጊ ውረዱ።

ታችኛዋ እናት አሁን እሁድ እሁድ ሽታው ሲደርሳቸው የራሳቸውን ስኒ ይዘው ይመጣሉ። አቦሉን ጠጥተው፣ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ። በረካ እስኪደርስ መቆየት እንዳለባቸው ገና አልነገርኳቸውም። ቃሉን በጃፓንኛ እየፈለግኩለት ነው።