የአያቴን የባቡር ፊሽካ እንዴት አስለቀቅኩት

አያቴ ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ያመጡት የእንፋሎት ፊሽካ ነው። (እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ በአዋሽና በናዝሬት አድርጎ ነው የመጣው፤ የእኛን ከተማ አልነካትም።) ከቆመ ባቡር ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ነሐሱ ነው፤ ቆራሌ ደህና ይከፍልበታል። ይሄኛው ተርፏል። ግን መሐሉ ያለው የብረት ብሎን ዝጎ ድርቅ ብሏል።

መጀመሪያ በመዶሻ ደበደብኩት። ጅል! ጫፉን አጎበጥኩት። ሁለት ሌሊት ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ወፍ የለም። መላው ሙቀት ነበር። ጋዙን በደንብ ጠራርጌ ነሐሱን ብቻ ዙሪያውን አሞቅኩት። ነሐስ ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ይሰፋልና ብሎኑን ለቀቀው። ሞርሳ (ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ፈታሁት።

እንፋሎት ከየት ይምጣ? ጎሚስታው ጋ ወስጄ ኮምፕሬሰር ላይ ሰካነው። ጮኸ! የጋሪ ፈረሶቹ ደነበሩ።