በብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ ድምፅን በስልት ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የብሪታንያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 650 መቀመጫ አለው። ለእያንዳንዱ መቀመጫ የሚመረጠው ለብቻው ነው፤ በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠ ያሸንፋል። ኢትዮጵያ ውስጥም የምናውቀው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሌበር 33.7 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 411 መቀመጫ የወሰደው በዚሁ አሠራር ነው። ስለዚህ የሚወዱት ፓርቲ በሰፈርዎ ዕድል ከሌለው፣ የማይፈልጉትን ሊያሸንፍ ለሚችለው እጩ ድምፅ መስጠት የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። ሒሳቡ ግን በቀላሉ ይሳሳታል።

በአገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት መመራት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አንድ ፓርቲ በአገር ደረጃ ስሙ ስለገነነ እርስዎ በሚኖሩበት ክልል ሁለተኛ ይሆናል ማለት አይደለም። የለንደኑን ኬንሲንግተን እንውሰድ። በ2017 ሌበር በ20 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። በ2019 ኮንሰርቫቲቭ 16,768፣ ሌበር 16,618፣ ሊበራል ዴሞክራት ደግሞ 9,312 አገኙ። ልዩነቱ 150 ነው፤ ከሦስተኛው እጩ ደጋፊዎች ጥቂት መቶዎቹ ወደ ሌበር ቢዞሩ ኖሮ ኮንሰርቫቲቭ መቀመጫውን ባልወሰደ ነበር።

መጀመሪያ የፖስታ ኮድዎን በብሪታንያ ፓርላማ ድረ ገጽ አስገብተው የምርጫ ክልልዎን ስም ያረጋግጡ። ከዚያ የ2024ን ውጤት አውጥተው ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደወጣ፣ በመካከላቸውም ስንት ድምፅ እንዳለ ይዩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቀራራቢ ከሆኑ ስልቱ ለቁማር የቀረበ ነው፤ ያኔ ለሚያምኑበት ቢሰጡ ማንም አይወቅስዎትም።

ከ2024 በፊት የነበረውን ውጤት ግን ይተዉት። በዚያ ዓመት የክልሎቹ ወሰን ስለተለወጠ፣ ስሙ ያው ሆኖ መንደሮቹ የተቀየሩ ክልሎች ብዙ ናቸው።

በራሪ ወረቀት ላይ ያለውን ግራፍ ማመን

በር ሥር የሚገባው ወረቀት ላይ ሁለት ረጃጅም ዓምዶችና አንዲት ድንክ ዓምድ ይታያሉ፤ ከበላያቸው «እዚህ ማሸነፍ የምንችለው እኛ ብቻ ነን» የሚል ጽሑፍ አለ። ከግርጌ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የተወሰደው ከአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ወይም ከአገር አቀፍ አስተያየት ነው። የዓምዶቹ ቁመትም ከቁጥሩ ጋር ላይመጣጠን ይችላል፤ ማስመሪያ ይዞ መለካት ቀልድ ቢመስልም ይጠቅማል።

ፓርቲዎች ሲስማሙ መራጩም አብሮ ይሄዳል ብሎ ማሰብ

ስምምነት የሚያነሳው እጩን ነው እንጂ መራጩን አይደለም። በ2019 ሊበራል ዴሞክራት፣ ግሪንና የዌልሱ ፕላይድ ካምሪ በ60 ክልሎች አንዱ ለሌላው ቦታ ለቀቁ። በዌልስ ብሬከን እና ራድነርሺር በነሐሴ ማሟያ ምርጫ ተመሳሳይ ስምምነት ሠርቶ ሊበራል ዴሞክራቷ በ1,425 ድምፅ አሸንፈው ነበር። በታኅሣሥ ስምምነቱ ሳይፈርስ በ7,131 ተሸነፉ። በነሐሴ የብሬግዚት ፓርቲ (ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ የሚታገለው) እጩ ከሦስት ሺህ በላይ ድምፅ ከኮንሰርቫቲቭ በኩል ቀንሶ ነበር፤ በታኅሣሥ ግን ያ ፓርቲ በ2017 ኮንሰርቫቲቭ ባሸነፈባቸው 317 ክልሎች አልተወዳደረም፤ በብሬከንም እጩ አላቀረበም። የማሟያ ምርጫን ውጤት ለጠቅላላ ምርጫ መለኪያ ማድረግም ስለዚህ ያሳስታል።

የሰሜን አየርላንዱ ፈርማና እና ሳውዝ ታይሮን ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በ2010 ከብሪታንያ ጋር አንድነትን የሚደግፉ ፓርቲዎች የጋራ እጩ፣ አየርላንድ እንድትዋሃድ በሚታገለው በሺን ፌን ፓርቲ በ4 ድምፅ ብቻ ተሸነፉ። በ2015 ስምምነቱ ሰምሮ በ530 አሸነፉ፤ በ2017 በዚያው ስምምነት በ875 ወደቁ። አንዱ ወገን ሲሰባሰብ ሌላው ወገንም ይሰባሰባል፤ ስምምነት የሚያቅዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህንን ነው።

እጩው «ለቅቄያለሁ» ሲል ጉዳዩ እንዳበቃ መቁጠር

የእጩዎች ምዝገባ የሚዘጋው ከምርጫው 19 የሥራ ቀናት በፊት ከቀኑ 10 ሰዓት (በእንግሊዝ አቆጣጠር 4 ሰዓት) ላይ ነው፤ ራስን ማግለልም እስከዚያው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ቢተዉም ስማቸው በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ቀድመው ቢወጡም ፓርቲው ሌላ ሊተካ ይችላል። በ2019 በካንተርበሪ የሊበራል ዴሞክራት እጩ ድምፅ እንዳይከፋፈል ብለው ሲወጡ ፓርቲው ወዲያው ሌላ እጩ አቀረበ። ሌበር ያሸነፈው በ1,836 ድምፅ ነው። የሚታመነው የአካባቢው አስተዳደር ያወጣው የመጨረሻ የእጩዎች ዝርዝር ነው።

የመምረጥ መብትን ሳያጣሩ መሰለፍ

በጠቅላላ ምርጫ የሚመርጡት የብሪታንያ፣ የአየርላንድና ብቁ የሆኑ የኮመንዌልዝ አገራት ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያና ኤርትራ የኮመንዌልዝ አባል አይደሉም፤ ስለዚህ ቋሚ መኖሪያ ብቻ ያለው ሐበሻ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ በዚህ ምርጫ አይሳተፍም። በስኮትላንድና በዌልስ ግን በአካባቢ ምክር ቤትና በየራሳቸው ፓርላማ ምርጫ ሊሳተፍ ይችላል። ምዝገባው ከምርጫው 12 የሥራ ቀናት በፊት ይዘጋል። በጣቢያው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይጠየቃል፤ የሌለው ነፃ የመራጭ ማረጋገጫ እስከ 6 የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ ማመልከት ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ኤክስ ምልክት ማድረግ ያለብዎት አንድ ቦታ ብቻ ነው። «አንደኛ ይህ፣ ካልሆነ ያኛው» ብሎ ሁለት ምልክት ማድረግ ድምፁን ውድቅ ያደርገዋል። በፖስታ የሚመርጡ ደግሞ ወረቀቱ እንደደረሳቸው ባይጣደፉ ይሻላል፤ አንዴ ከላኩት፣ በመጨረሻው ሳምንት ፉክክሩ በማንና በማን መካከል እንደሆነ ቢገለጥም፣ መለወጥ አይቻልም።