ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ለምን አያድግም? የዓሣ ኩሬ የሚያከስሩ ስህተቶች

በጓሮ ወይም በመስኖ ማሳ ዳር የተቆፈረ 200 ካሬ ሜትር ኩሬ፣ በደንብ ከተያዘ፣ ለቤተሰብ የሚበላ ዓሣም ጥቂት የማይባል ገቢም ይሰጣል። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ብዙ ኩሬ ጣት በሚያካክሉ ቆሮሶዎች (ቲላፒያ በሚባሉት ዓሦች) ተሞልቶ ይገኛል፤ የማይበላ፣ የማይሸጥ። ሰው በሽታ ይጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማብዛት ነው፦ ዓሣ ማብዛት፣ እበት ማብዛት፣ መኖ ማብዛት።

አፈሩን ሳይፈትኑ መቆፈር

ውሃ የማይቋጥር መሬት ላይ የፈሰሰ ጉልበት አይመለስም። እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረው ጠዋት ውሃ ይሙሉት። ማታ የጎደለውን ሞልተው በቅጠል ይሸፍኑት። በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ውሃ ካለ አፈሩ ይሆናል፤ ካለቀ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ክትሩን አፈር እየከመሩ ብቻ አይሥሩት፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፉ ይደልድሉት፤ ከውሃው ወለል በላይም 30 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። ጥልቀቱ ከጥግ 80 ሳንቲ ሜትር ተነስቶ ማስወጫው ጋ ወደ 1.2 ሜትር ይውረድ። ጥልቀቱ ከጉልበት በታች የሆነ ኩሬ ሣር ይበቅልበታል፣ ለወፍ ይመቻል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ባሕር ዛፍ አጠገብ መቆፈርም አይመከርም፤ ሥሩ ክትሩን ይሰነጥቃል።

ብርዱን መናቅ

ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው። ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውሃ በደንብ ያድጋል፣ ከ20 በታች እድገቱ ይዘገያል፣ 16 አካባቢ ሲደርስ መብላት ያቆማል። በደጋ ስለዚህ ዓሣው አይሞት ይሆናል፤ በ6 ወር ለገበያ ይደርሳል ብሎ ማቀድ ግን ኪሳራ ነው። በስምጥ ሸለቆና በቆላ የሚሠራው ዕቅድ ከ2,000 ሜትር በላይ አይሠራም።

ውሃው አረንጓዴ ሳይሆን የዓሣ ጫጩት መጨመር

ለቆሮሶ ጫጩት የመጀመሪያው መኖ ራሱ ውሃው ውስጥ የሚበቅለውና ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ረቂቅ እፅዋት ነው። ኩሬው በተሞላ ማግስት ጫጩት የሚያስገባ ሰው ዓሣውን ለረሃብ ይሰጣል። እሱን ለማብቀል ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት ከ8 እስከ 10 ኪሎ የከብት እበት፣ የዶሮ ኩስ ከሆነ ከ2 እስከ 3 ኪሎ በቂ ነው። ኩሬው ጥግ ላይ በእንጨት አጥረው እዚያው ይጨምሩት እንጂ አይበትኑት። ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠብቁ። ከዚያ ክንድዎን እስከ ክርንዎ ውሃው ውስጥ ያስገቡ፤ መዳፍዎ በጉልህ ከታየ ማዳበሪያው አልበቃም፣ ክርንዎ ሳይነካ ገና ከጠፋ በዝቷል፣ ክርንዎ ውሃውን ሲነካ መዳፍዎ ከተሰወረ ትክክል ነው።

ማብዛት የሚያመጣው አደጋ የሚታየው ጎህ ሲቀድ ነው። እፅዋቱ ቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ ሌሊት ግን እነሱም ይተነፍሳሉ፤ የሚበሰብሰው እበትም ይሻማል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ዓሦች ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ የዚያን ቀን እበትም መኖም አይጨምሩ፤ ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እያንጠባጠቡ ያስገቡ።

የዓሣውን እድሜ ሳይጠይቁ መግዛት

ጎረቤት ኩሬ ውስጥ የቀጨጨ ቆሮሶ መጠኑ ጫጩት ይመስላል፤ እድሜው ግን ያለፈ ነው። ለሁለት ወር ቢቀልቡት አይጨምርም፣ መውለዱ ግን ይቀጥላል። ሰበታ፣ ባቱ ወይም ባሕር ዳር ያሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላት ጋ ይጠይቁ። ጫጩቶቹ ሲደርሱ ላስቲኩን ሳይፈቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ኩሬው ላይ ያንሳፍፉ፣ ቀስ በቀስ የኩሬውን ውሃ ይቀላቅሉ፣ ከዚያ ይልቀቁ። በአንድ ካሬ ሜትር 2 ዓሣ፣ ለ200 ካሬ ሜትር 400፤ ከዚህ አይለፉ።

ወንድና ሴት አንድ ላይ ማሳደግ

እዚህ ላይ ነው ብዙው ኩሬ የሚሸነፈው። ቆሮሶ ከ3 እስከ 4 ወር ገና ትንሽ ሳለ መውለድ ይጀምራል። ሴቷ እንቁላሏንና ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትቆይ በዚያ ጊዜ እሷ አትመገብም፣ አታድግምም። የተፈለፈሉትም እየበዙ የታላላቆቻቸውን መኖ ይሻማሉ።

መፍትሔው ወንዶቹን ብቻ ማሳደግ ነው። ዓሣው ወደ 30 ግራም ሲደርስ በጀርባው አስተኝተው ከሆዱ ሥር ያለውን ቀዳዳ ይዩ፦ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላቸው። ብርሃን ባለበት ቦታ ላይ ይሥሩ፤ ጠብታ ቀለም ቢነኩበት ቀዳዳው ጎልቶ ይታያል። የዓይን ስህተት ግን አይቀርም፤ ስለዚህ ለ400 ቆሮሶ ከ20 እስከ 40 አምባዛ የሚባል ሌላ ዓሣ ቢጨምሩ የተፈለፈለውን ይለቅማል። አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን፤ ካልሆነ መጀመሪያ የሚበላው የእርስዎን ገንዘብ ነው።

ሳይመዝኑ መመገብ

በየወሩ 20 ዓሣ በመረብ አውጥተው ይመዝኑ። አማካዩ 50 ግራም ከሆነ 400ው ዓሣ 20 ኪሎ ነው፤ የዚህ 4 በመቶ፣ 800 ግራም መኖ በቀን ይበቃል። ከፍሩሽካና ከተፈጨ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው ለሁለት ይክፈሉት፣ ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት በአንድ ቦታ ይስጡ። በ15 ደቂቃ ካላለቀ ቀጣዩን ይቀንሱ። የሻገተ ፋጉሎ አይስጡ።

ገበያውን መጨረሻ ላይ ማሰብ

የዓሣ ፈላጊ ብዛት በዐቢይ ጾም ይጨምራል። ጾሙ የካቲት አካባቢ ስለሚገባ ወደ ኋላ 7 ወር ቆጥረው ጫጩቱን በሐምሌ፣ ቦታዎ ብርዳማ ከሆነ በግንቦት ያስገቡ። ገዢና በረዶ ሳይዘጋጁ ኩሬውን አያፍስሱ፤ ዓሣ በሞቃት አገር እስከ ምሳ ሰዓት ይበላሻል። ካወጡ በኋላ ወለሉን እስኪሰነጣጠቅ ድረስ በፀሐይ ያድርቁት፣ በየጉድጓዱ የቀሩትን ጫጩቶች ይልቀሙ፤ አንድም ቢቀር ከሚቀጥለው ዙር ጋር ይወልዳል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ የእርሻ ኖራ ነስንሰው ውሃ ይሙሉ።